«ስንት ኪሎ ነው?»

ተረኛው የሕፃናት ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን ይህን ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናል። ማሙሽ በጋቢ ተጠቅልሎ ደረቴ ላይ ተልፈስፍሷል፤ ከቤት እስክንወጣ ሦስት ጊዜ አስመልሶታል። ባለቤቴ እኔን አየኝ፤ እኔ አማቴን አየሁ። የተወለደበትን ሰዓት፣ የመጀመሪያ ጥርሱ የበቀለበትን ሳምንት፣ የትኛውን ገንፎ እንደሚተፋ ጠይቁኝ፤ ሁሉንም አውቃለሁ። ክብደቱን ግን አላውቅም። «አሥር ይሆናል» አልኩ። የአሥራ አንድ ወር ልጅ አሥር ኪሎ የሚሆን መስሎኝ ነው።

ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡት 7.9 ሆነ።

ቀጥሎ «ምን ሰጣችሁት?» አለን። «ፓራሲታሞል» አልን፣ ሦስታችንም በአንድ አፍ። «ስንት ሚሊ ግራም?» ዝም። «በስንት ሰዓት?» ጉዳችን የተገለጠው እዚህ ላይ ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማሙሽን ትኩሳት ያዘው። ቤት የምታግዘን ልጅ ወደ 11 ሰዓት ላይ ከመደርደሪያው ሽሮፕ አውርዳ በክዳኑ መለኪያ 5 ሚሊ ሊትር ሰጠችው። ደግ አደረገች። ከዚያ ወደ ማታ ትምህርቷ ሄደች። እኔ ከሥራ የገባሁት 1 ሰዓት ላይ ነው። ልጁ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያው ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ደገምኩለት፤ ሽሮፑም አለቀ። አማቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን ከመጡ ሳምንታቸው ነው። «ይሄ ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው አሸተቱት። 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ንፍጡን አይተው የትልቋን ልጄን የጉንፋን ሽሮፕ አቀመሱት፤ በእሳቸው አነጋገር «ትንሽዬ» ነው። የጉንፋኑ ሽሮፕ ውስጥም ፓራሲታሞል እንዳለ ማናችንም አናውቅም ነበር። 5 ሰዓት ላይ ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ባለቤቴ ወጥቶ ክፍት ፋርማሲ ፈልጎ አዲስ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ይህችኛዋ ሽሮፕ ሳትሆን ጠብታ ናት። እኛ ግን ያለቀውን የሽሮፕ ክዳን አንስተን እንደለመድነው እስከ መስመሩ ሞላን። 5 ሚሊ ሊትር።

ሐኪሙ ጠርሙሷን አገላብጦ አነበበ። ከዚያ የማዘዣ ወረቀት ገልብጦ ጀርባው ላይ ደመረልን። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

የመጀመሪያው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይዟል። ሁለት ጊዜ ሲሰጥ 240 ነው። ጠብታዋ ግን በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም አላት፤ 5 ሚሊ ሊትር ማለት 500 ሚሊ ግራም ማለት ነው። እኔ ራሴን ሲያመኝ የምውጠው አንድ ሙሉ ኪኒን ማለት ነው። የጉንፋኑን ሳይጨምር ጠቅላላ ድምሩ 740 ሚሊ ግራም ሆነ፤ ያውም በስድስት ሰዓት ውስጥ።

ከሥሩ ደግሞ ሌላ መስመር ጻፈ። ልጅ ፓራሲታሞል የሚወስደው በአንድ ጊዜ በእያንዳንዱ ኪሎው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ለ7.9 ኪሎ ይህ ከ79 እስከ 118 ይሆናል። በሁለት ፍንጃን መካከል ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ማለፍ አለበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ስለዚህ በየጊዜው ከፍተኛውን መጠን ብንሰጠው እንኳ እስከ ማግስቱ ማታ መውሰድ የነበረበት 474 ሚሊ ግራም ነው። እኛ በአንድ ምሽት አሳለፍነው። ማንም ሰው ያደረገው ብቻውን ቢታይ የከፋ አይመስልም። አራት የሚወዱት ሰዎች፣ አራት ጊዜ፣ አንድ ጉበት።

ጉበት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፓራሲታሞል በልኩ ሲሰጥ ለልጆች ካሉን የትኩሳትና የሕመም ማስታገሻዎች ሁሉ የዋህ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጉበት ሲያጣራው ጥቂቱ ወደ መርዝነት ይለወጣል፤ ጉበት ያንን የሚያከሽፍበት የራሱ ስንቅ አለው። መድኃኒቱ ሲበዛ ስንቁ ያልቅና መርዙ ጉበቱን ራሱን ይበላዋል። በደንብ ያልበላ፣ ሲያስመልሰው የዋለ ወይም ቀድሞውንም የከሳ ልጅ ስንቁ ትንሽ ነው። ክፋቱ ደግሞ ዝምታው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ትንሽ ያስመልሰው ይሆናል እንጂ ደህና ሊመስል ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ አሴቲልሲስቴይን ይባላል፤ በጣም የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ደህና ነው፣ እስኪነጋ እንየው» የሚባልበት ነገር አይደለም።

ሐኪሞች በአንድ ጊዜ በኪሎ 150 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የወሰደ ልጅን በጣም ይፈሩለታል፤ እየተደጋገመ ሲመጣ ደግሞ ከዚያ ባነሰም ይጎዳል። የእኛው 94 ገደማ ነበር፤ የጉንፋኑ ሲጨመር መቶ ሳይሞላ አይቀርም። ሁለት ቀን አቆይተውን ደሙን ደጋግመው መረመሩ። ጉበቱ ተረፈ። ለካስ ትኩሳቱ የመጣው ከጆሮ ኢንፌክሽን ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይቀዘቅዛል።

ከሆስፒታል እንደተመለስን መጀመሪያ ያደረግኩት የክትባት ካርዱን መፈለግ ነበር። ክብደቱ የተጻፈበት የመጨረሻው ቀን በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት የወሰደበት ነው። የሚቀጥለው ክትባት በ15 ወሩ ነው። መሀል ላይ ስድስት ወር አለ፤ ልጁ ካልታመመ ሚዛን አያይም ማለት ነው። ጤና ጣቢያ እየወሰዱ በየወሩ የሚያስመዝኑ እናቶች አሉ፤ እኔ አልነበርኩም።

ዕድሜን ይዘን የምንገምተው ለዚህ ነው። ግምቱ ግን ይከዳል። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ የአንድ ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 9.6 ኪሎ ነው፤ ግን 7.7 የሚመዝንም በዚያው ዕድሜ አለ፤ ገና ከሰንጠረዡ የታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። ሴቷ ደግሞ 8.9 እና 7.0 ነች። ብዙ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ግን «ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት 5 ሚሊ ሊትር» ዓይነት ነው። በሚገባ ለጠገበ ልጅ ልክ የሆነው ለቀጭኑ ይበዛበታል። የጎረቤት ልጅ የወሰደው ለእናንተ ልጅ መለኪያ አይሆንም፤ እኩያሞች ቢሆኑም።

ስለዚህ መመዘን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሚዛን የማይገኝበት መንገድ የለም። መገናኛ አካባቢ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚያስመዝን ልጅ አለ። ማሙሽን አቅፌ ወጣሁበት፤ 68 ተኩል። ከዚያ ለባለቤቴ ሰጥቼው ብቻዬን ወጣሁ፤ 60 ተኩል። ልዩነቱ 8 ኪሎ ነው። ልጁ «እሱስ የራሱ አለው፤ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው» አለኝ፤ ከፈልኩ። የመንገድ ሚዛን ግማሽ ኪሎ ሊሳሳት ይችላል፤ ለትልቅ ልጅ ችግር የለውም፤ ጨቅላ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ያለው የሕፃናት ሚዛን ይሻላል። ጫማና ወፍራም ልብስ ማውለቅ አትርሱ።

ኪሎው ከታወቀ የቀረው ማባዛትና ማካፈል ነው። ሒሳብ ላይ ከማንም በታች ነበርኩ፤ ይህን ግን አሁን በቃሌ እሠራለሁ። የትልቋ ልጄ ኪሎ 14 ነው። በ15 ሲባዛ 210 ሚሊ ግራም፤ ይህ ከፍተኛው ነው። በ10 ሲባዛ 140፤ ይህ ዝቅተኛው። አሁን ጠርሙሱን አንብቡ። በ5 ሚሊ ሊትር 120 የሚለው ከሆነ ከ6 ሚሊ ሊትር እስከ 8 ሚሊ ሊትር ተኩል ይሆናል። በ5 ሚሊ ሊትር 250 የሚለው ከሆነ ግን ከ3 እስከ 4 ብቻ ነው። ሁለቱም «ፓራሲታሞል ሽሮፕ» ይላሉ፤ ሁለቱም ጣፋጭ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ መደርደሪያ ላይ ይቆማሉ። ለማሙሽ 8 ኪሎ የመጀመሪያው ሽሮፕ ቢበዛ 5 ሚሊ ሊትር፣ ጠብታዋ ቢበዛ 1.2 ሚሊ ሊትር ነበር። ጠርሙስ በተለወጠ ቁጥር ሒሳቡ እንደ አዲስ ይጀመራል። ኪሎው የገዘፈ ልጅም ቢሆን ከአዋቂ መጠን አያልፍም።

ጎረቤቴ ፋርማሲስት ናት። «ሰው መጥቶ ‹ለልጅ ትኩሳት› ይለኛል፤ ኪሎውን ስጠይቀው ይቆጣል» አለችኝ። ባለቤቴም ያን ምሽት እንደዚያው ብሎ ነው የገዛው፤ ሻጩም አልጠየቀውም። እኔ አሁን ሳልጠየቅ እናገራለሁ፤ «8 ኪሎ ነው፤ በዚህ ጠርሙስ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሆን ጻፊልኝ» እላለሁ። ካርቶኑ ላይ ትጽፍልኛለች።

የማንኪያው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። «አንድ የሻይ ማንኪያ» ሲባል 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና ማንኪያዎቼን ሁሉ በውኃ ለካሁ። የማኪያቶ ማንኪያዋ 2 ሚሊ ሊትር ተኩል ያዘች። የሻዩ 4። አማቴ የሚወዱት አሮጌ ማንኪያ ከ6 በላይ ነው። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ፣ ሁሉም «የሻይ ማንኪያ» ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ መድኃኒት በማንኪያ አልሰጥም። ሲሪንጅ ፋርማሲ ውስጥ በጥቂት ብር ይገኛል፤ ጉንጩ ውስጥ በዝግታ ሲያንጠባጥቡለት ልጁም አይተፋውም። የአንዱን መድኃኒት ክዳን ለሌላው መጠቀም ግን እንዳታስቡ፤ የእኛ ጥፋት ከዚያ ጀመረ።

«በቀን 3 ጊዜ» የሚለውንም ብዙዎቻችን ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብለን ነው የምንተረጉመው። ከዚያ ሌሊት ልጁ ሲያተኩሰው አንድ እንጨምራለን፤ ጠዋት ደግሞ ቁርስ ይመጣል። ሰዓቱን መጻፍ ነው የሚሻለው። ስትጽፉ ደግሞ «8 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉት፤ የቀኑ ነው የሌሊቱ? ባለቤቴ ጽፎ የሄደውን አይቼ ለሁለት ደቂቃ ግራ ገብቶኝ ያውቃል።

አይቡፕሮፌን ያላቸውም ሽሮፖች አሉ። እነሱም በኪሎ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት እየቆየ። ነገር ግን ኩላሊትንና ጨጓራን ስለሚነካ ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ልጅ አይወስደውም፤ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃንም ሐኪም ካላዘዘ አይሰጠውም። ሁለቱን እያፈራረቁ መስጠት ደግሞ ቁጥር የሚያምታታ ነገር ነው፤ በእኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ስንት ጊዜ እንደሰጠ ማን ይቆጥር ነበር? አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክልክል ነው፤ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ ሬይ ሲንድሮም የሚባል ብርቅ ግን ገዳይ በሽታ ያስከትላል። ዴንጊ በሚገኝባቸው አካባቢዎች፣ በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ እንደታየው፣ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም መድማትን ስለሚያባብሱ ለትኩሳት የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው። የአዋቂ ዳይክሎፌናክ ቆርሶ ለልጅ መስጠትን ግን ጭራሽ አልነጋገርበትም።

ከአሜሪካ በሻንጣ ስለሚመጣውም አንድ ነገር ልበል። የባለቤቴ እህት ከሜሪላንድ በየዓመቱ የልጆች መድኃኒት ትልካለች፤ እግዚአብሔር ይስጣት። የአሜሪካው የልጆች ፓራሲታሞል (እነሱ አሴታሚኖፌን ይሉታል) በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. አምራቾቹ የሕፃናቱንና የልጆቹን አንድ ዓይነት ለማድረግ ተስማምተዋል፤ ምክንያቱም እንደኛው ዓይነት ስሕተት እዚያም ይሠራ ነበር። የአይቡፕሮፌኑ የሕፃናት ጠብታ ግን አሁንም ከልጆቹ ሽሮፕ እጥፍ የጠነከረ ነው፤ 1.25 ሚሊ ሊትሩ 50 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሌላው ወጥመድ ሚዛኑ ነው። የአሜሪካ ካርቶን ላይ ያለው ሰንጠረዥ በፓውንድ ነው፤ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው። እህቱ በስልክ «የእኔ ልጅ 24 ናት» ስትለው ባለቤቴ «እንዴት ወፈረች!» አለ። 11 ኪሎ መሆኗ ነው።

አሁን ሳስበው የማይቆጨኝ ነገር የለም፤ ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ያን ምሽት የተሯሯጥነው ትኩሳቱን ለማውረድ መሆኑ ነው፤ ልጁን ግን በደንብ አላየነውም። ትኩሳት በራሱ በሽታ አይደለም፤ ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲዋጋ የሚያወጣው ሙቀት ነው። ልጁ ትኩስ ሆኖ እየተጫወተና እየጠባ ከሆነ መድኃኒቱ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ ተኝቶም ከሆነ መድኃኒት ለመስጠት አይቀሰቀስም። በጋቢ መጠቅለል ደግሞ ሙቀቱን ያብሰዋል፤ «ብርድ ይመታዋል» የሚሉትን አማቴን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ቀላል ልብስ፣ ደጋግሞ ጡትና ፈሳሽ መስጠት፣ ከዚያ ቢያስፈልግ በኪሎው ልክ መድኃኒት።

ነገር ግን ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አልነቃ ካለ ወይም አንገቱ ከገተረ የመድኃኒት ጉዳይ አይደለም፤ ሰዓቱ ምንም ይሁን ጤና ተቋም መሄድ ነው። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው እቤት ምንም ሳይሰጡት መውሰድ ነው። የክትባት ቀን ትኩሳት ሊኖር ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት ክትባቱን የሰጠችውን ባለሙያ ጠይቁ። ወባ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ፣ ወይም ከዚያ በቅርቡ ተመልሳችሁ ከሆነ፣ ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ወባውን አያድነውም፤ በዚያው ቀን ደሙን አስመርምሩ። መድኃኒት በዝቶበት ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ጠርሙሱን፣ የባዶውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። እኛን ያዳነን ባለቤቴ ጠርሙሷን ኪሱ ከትቶ መምጣቱ ነው።

ማቀዝቀዣችን ላይ አሁን በማግኔት የተለጠፈ ወረቀት አለ። ከላይ ኪሎው፣ ከሥር ጠርሙሱና በሚሊ ሊትር ልኩ፣ ከዚያ ማን ሰጠ፣ ስንት ሰዓት፣ ቀን ወይስ ሌሊት። ቤት የምታግዘን ልጅ በጽሑፏ ከሁላችን ትበልጣለች። የጉንፋን ሽሮፕ ከገባ ውስጡ ምን እንዳለበት ከጀርባው ተነቦ ይጻፋል። አማቴ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ አሮጌ ማንኪያቸውን ይዘው ሄዱ፤ የተቀየሙ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ እሑድ ደወሉ። «ማሙሽ ደህና ነው?» ሳይሉ በፊት «ስንት ኪሎ ገባ?» አሉኝ።

«ስምንት ከሦስት መቶ፣ እማማ» አልኳቸው።